የቧንቧ ሠራተኛው መያዣ

ሰበታ ውስጥ «ጠዋት እመጣለሁ» የሚል ባለሙያ ውሸታም አይደለም። የየትኛው ቀን ጠዋት እንደሆነ አይናገርም እንጂ። ይሄን የተማርኩት ለእናቴ ሽንት ቤት ላሠራ ብዬ ነው።

እናቴ ተጂ ነበር የምትኖረው፣ ብቻዋን። ወድቃ ዳሌዋን ከተጎዳች ወዲህ ያለ ሰው ድጋፍ ከደጅ አትወርድም። ጓሮ ወዳለው ሽንት ቤት እጇን ይዛ የምትወስዳት አንዲት ጎረቤት ነበረች። ጎረቤቷ ክረምት ሳይገባ ልጇ ዘንድ ልትሄድ መሆኑን ስሰማ እናቴ ጋ ደውዬ «እኔ ጋ ነይ» አልኳት።

«ወንድ ልጄ ደግፎኝ ሽንት ቤት አልሄድም» አለች። «ብቻዬን የምሄድበት ካለህ እመጣለሁ፤ ከሌለህ እዚሁ ልሙት። ሚስት አግባ ስልህ ሰምተህ ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር።»

ሚስት በክረምት መግቢያ ከየት ትመጣለች? ሽንት ቤት ግን ይሠራል። የእኔው ሽንት ቤት ግቢው መጨረሻ ነው፤ መንገዱ ቁልቁለት፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጭቃው ጫማ ያስቀራል። ስለዚህ ለእሷ ባዘጋጀሁት ክፍል ጥግ ላይ በብሎኬት ከፍዬ አንዲት ትንሽ ሽንት ቤት ላሠራላት ወሰንኩ። ከአልጋዋ ትነሳለች፣ ግድግዳውን ይዛ በሩን ትከፍታለች፣ አለቀ።

የመጀመሪያው ባለሙያ ከዓለም ገና የመጣ ሴራሚክ ሠሪ ነበር። እጁ ፈጣን ነው፤ ወለሉ ሲያልቅ ፊት ያሳያል። አንድ ባልዲ ውሃ ስደፋበት ግን ውሃው መውረጃውን ትቶ ወደ ክፍሉ መጣ። «ጋሼ፣ አይጨነቁ፤ ውሃ መንገዱን ራሱ ያገኛል» አለኝ። አገኘ፤ በእናቴ አልጋ ሥር። ሰውዬው ከዚያ ወዲያ ስልክ አላነሳም።

ሌላ ፍለጋ ወጣሁ። ጥሩ ሠራተኛ ያለው ሰው ስልኩን እንደማይሰጥ ያወቅኩት ያኔ ነው። ቡራዩ የሚኖር የሥራ ባልደረባዬ ቤቱን አሳምሮ አሠርቶ «የሰውዬው ስልክ ጠፍቶብኛል» አለኝ፤ ጠዋት ሲያናግረው ሰምቼዋለሁ። ሱሉልታ ያለው ሌላው ደግሞ «ብሰጥህ አንተ ጋ ይቀርብኛል፤ የኔ ጣራ ገና ነው» አለ። እውነቱን የነገረኝ እሱ ብቻ ስለሆነ አመስግኜው ስልኩን ዘጋሁ።

በመጨረሻ ዋናው መንገድ ላይ ያለ የሕንፃ መሣሪያ ሻጭ አንድ የቧንቧ ሠራተኛ አገናኘኝ። ጎልማሳ ነው፣ ረጋ ያለ። ገብቶ ወለሉን እንዳየ እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነና «ማነው ይሄን የሠራው?» አለ። እኛ አገር ያለዚህ ጥያቄ መዶሻ አይነሳም። ከሱ በኋላ የሚመጣውም ስለሱ እንዲሁ ይላል።

ሐቁን ልናገርና ሥራ ይችላል። ወለሉን አፍርሶ ወደ መውረጃው አዘነበለው፣ መቀመጫውን ተከለ፣ በሩን ገጠመ። የቀረው ውሃውን ማስገባት ብቻ ነበር። ከምሳ በኋላ ቦርሳውን ክፍሉ ደፍ ላይ አስቀመጠና «አንዲት መገጣጠሚያ ጎድላኛለች፣ ገዝቼ መጣሁ። ቦርሳዬ እዚህ ነው» ብሎ ወጣ።

«ቦርሳዬ እዚህ ነው» ማለት በኛ ከተማ ውል ነው። ሰው ያለ መሣሪያው ምን ሠርቶ ይበላል? ቦርሳው ካለ ባለቤቱ ይመለሳል። በዚህ እምነት ስንት በረንዳ ላይ ስንት ቦርሳ ተቀምጦ ይሆን!

ስደውል «መንገድ ላይ ነኝ» ይላል፤ ከጀርባው የብረት መቁረጫ ይጮኻል። ሌላ ቀን «ታክሲ እየጠበቅኩ ነው» ይላል፤ መዶሻ ይሰማል። አንዴማ «ለገጣፎ ልቅሶ ገጥሞኝ» ሲለኝ አጠገቡ ያለ ሰው «ሲሚንቶውን አቀብለኝ!» አለ። ነፍስ ይማር ብዬ ዘጋሁት።

አንድ ቀን እሳት ጎርሼ እሳት ለብሼ ቦርሳውን ከፈትኩት። ጥርሱ የተሰበረ የቧንቧ መፍቻ፣ የደረቀ ብሩሽ፣ ቁራጭ ጎማ፣ አንድ እግር አሮጌ ጫማ። ሌላ ምንም የለም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ አሉ! እኔ መያዣ ብዬ እየዞርኩ የምጠብቀው ቆሻሻውን ነው። ዋናው መሣሪያ ከሰውዬው ጋር ሌላ ሰው ቤት ይሠራል።

በዚህ መሃል የተጂዋ ጎረቤት ከታሰበው ቀድማ ሄደችና እናቴን አንድ ዘመድ በመኪና አምጥቶ ደጄ ላይ አወረዳት። ሽንት ቤቱን አሳየኋት። «ውሃው ብቻ ነው የቀረው፣ እስከዚያ በባልዲ ነው» አልኳት። ነጩን መቀመጫ አየች፣ አልጋውን አየች፣ ብብቷ ሥር ይዛ የመጣችውን የእመቤታችንን ሥዕል አየች።

«በሩ የሚከፈተው ከዚህ ነው?»

«አዎ፣ ከክፍልሽ። ሩቅ እንዳትሄጂ ብዬ ነዋ።»

«ከምበላበት ክፍል? ከምጸልይበት?»

«እማዬ፣ ዛሬ ሰው ሁሉ እንደዚህ ነው የሚያሠራው።»

«ሰው ሁሉ ያሠራ! እኔ እመቤቴን ሰቅዬ እፊቷ የሽንት ቤት በር አልከፍትም።»

እኔም የቧንቧ ሠራተኛውም ስለ ውሃው፣ ስለ ወለሉ፣ ስለ መቀመጫው ከፍታ ተጨቃጭቀናል። ይሄ ግን ለሁለታችንም አልታየንም። እናቴ ደግሞ አንዴ እምቢ ካለች እምቢ ነው።

እናም የፈራችው ደረሰ። ክንዷን ይዤ ግቢው መጨረሻ ወዳለው ሽንት ቤት ቁልቁለቱን አወረድኳት። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ ወረደች፤ ስንመለስ በነጠላው ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ አየኋት። ስለ ዝናቡ አወራሁላት።

ከዚያ በኋላ እኔን የምትጠራበት ጊዜ እየቀነሰ መጣ። ለመደችው፣ ተመስገን አልኩ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ጠዋት አጠገቧ ያስቀመጥኩት ውሃ እንደሞላ ነው። ሻዩም አልተነካም።

«ምነው አልጠጣሽም?»

«አልጠማኝም።»

«ትናንትም አልጠማሽም?»

«አልጠማኝም አልኩህ እኮ! ምን ያደርቀኛል ይሄ ልጅ!»

ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ያኔ ገባኝ፤ እናቴ እኔን ላለመጥራት ውሃ መጠጣት ትታለች። እስከዚያች ሰዓት ንዴት ነበር የያዘኝ። አሁን ፈራሁ።

«በሩን ወደ ውጭ የሚያዞር ሰው ዛሬውኑ እፈልጋለሁ» አልኳት።

«የጀመረውስ ሰው?»

የቧንቧ ሠራተኛውን ታሪክ እየተራገምኩ ነገርኳት፤ ቦርሳውንም አምጥቼ ዘረገፍኩላት። ጫማውን አንስታ አገላብጣ አየችና ሳቀች። «አዬ ጉድ! ሌላኛውን እግር ደግሞ የት ቤት መያዣ ትቶት ይሆን?» አለች። ከዚያ ሁሉንም በሥርዓት መልሳ ቦርሳውን አልጋዋ ሥር አስደረገችና በሷ ስልክ አስደወለችኝ። የኔን ቁጥር ሲያይ የማያነሳው ሰው ወዲያው አነሳ።

«አከም ጅርታ፣ ኢልመ ኮ?» አለችው። እንዴት ነህ ልጄ ማለቷ ነው፤ ኦሮምኛ እንደሷ ባልችልም ይሄን ያህል አላጣም። የናቱን ጤና ጠየቀች። የልጆቹን ጠየቀች። እነሱ ዘንድ ዝናብ ጥሎ እንደሆነ ጠየቀች። ስለ ሥራው ትንፍሽ አላለችም። በመጨረሻ በአማርኛ እንዲህ አለችው፦

«ቦርሳህ እኔ ጋ ነው ልጄ፣ እንዳታስብ። እንጀራህ ነውና ማንም እንዳይነካብህ አልጋዬ ሥር አድርጌ እየጠበቅኩልህ ነው።»

«አሞኘሽው አይደል?» አልኳት ስትዘጋ።

«ምን አሞኘዋለሁ። ስድብ እንደሆነ ለምዶታል። አሮጊት ቆሻሻውን እየጠበቀችለት ግን እንቅልፍ አይወስደውም።»

በማግስቱ ጠዋት የግቢው በር ተንኳኳ። ይሄኛው እውነተኛ ጠዋት ነበር። ዋናውን መሣሪያ ተሸክሞ መጥቷል። እኔን ቀና ብሎ ሳያይ እሷ ጋ ሄዶ ጎንበስ ብሎ ሰላም አላት። እሷም በምርኩዟ ከክፍሏ ደጅ ያለውን የበረንዳ ግድግዳ አሳየችው።

«ሽንት ቤት ውጭ ነው» አለችው። «እኔ ውጭው ድረስ መሄድ አቃተኝ። እንግዲህ አንተ ውጭውን አቅርብልኝ።»

ብሎኬቱን አፍርሶ በሩን ወደ በረንዳው አዞረው። የድሮውን በር ዘጋና ለሰነው፣ ከክፍሏ ደፍ እስከ አዲሱ በር ድረስ ግድግዳው ላይ የብረት መያዣ ገጠመላት፣ ውሃውንም አስገባ። ስልኩ ሲጠራ አላነሳም። እኔ የማውቀው የኔን አለማንሳቱን ነበር፤ የሌሎችንም ሲዘጋ ሳይ ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ሲጨርስ «እጅህን ቁርጥማት አይንካው፣ ከልጆችህ ደስታህን እይ» ብላ መረቀችው። ከዚያ ቦርሳውን ከአልጋዋ ሥር አስወጣችኝ።

«ክፈትና እየው፣ የጎደለ እንዳለ።»

«ሙሉ ነው፣ እማማ» አለ መሬት መሬት እያየ።

«እይ እንጂ! አደራ እኮ ነው።»

ከፈተው። አንዱን እግር ጫማ አወጣ፣ አየ፣ መለሰው። እኔ ሳቄን መያዝ ሲያቅተኝ ወደ ጓሮ ዞርኩ። «ምንም አልጎደለም» አለና ሁለቱንም ቦርሳ ተሸክሞ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ እናቴ ከአልጋዋ ተነሳች። ብረቱን ጨብጣ በረንዳው ላይ ቀስ እያለች መራመድ ስትጀምር በእግሬ ጣት ተከተልኳት።

«የት ነው የምትሄደው?» አለችኝ ሳትዞር።

«የትም።»

«እንግዲያው እዚያው ቁም።»

በሩ ተዘጋ፤ ከውስጥ መቀርቀሪያው ሲወድቅ ሰማሁ። ተመልሼ ክፍሏ ውስጥ፣ ልስኑ ገና ያልደረቀው ግድግዳ አጠገብ ቆምኩ። ብትወድቅስ እያልኩ ጆሮዬን ስጥል ውሃው ሲወርድ ተሰማኝ። ከዚያ እርምጃዋ፣ ቀስ፣ ቀስ እያለ መጣ።

ገብታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ትንፋሿን ሰበሰበች። ስለ በሩም ስለ ብረቱም አንድ ነገር ትላለች ብዬ ጠበቅኩ።

«ውሃ ስጠኝ» አለች።

በብርጭቆ ሞልቼ ሰጠኋት። ሳታቋርጥ ጠጣችና ባዶውን ወደኔ ዘረጋችው።

«ድገመኝ።»