የወንድሜ የከፈለኝ ጆሮ

ያን ቀን ሚዛን ተፈሪ ላይ ጠብታ ዝናብ አልነበረም። የጥር ፀሐይ ከጠዋት ጀምራ ከርራለች፤ ነፋስ ስለሌለ የድንኳኑ ሸራ እንኳ አይንቀሳቀስም። ከቴፒ በአይሱዙ ጭነን ያመጣናቸው ስፒከሮች ከሙሽሮቹ ወንበር ግራና ቀኝ ቆመዋል። ወንድሜ ከፈለኝ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ ተቀምጧል። የሙሽራዋ አጎት ሊመርቁ ማይክ ይዘው ተነሡ።

ከዚያ የሆነውን ለመረዳት ከፈለኝ ማን እንደነበረ ማወቅ ያስፈልጋል።

ከፈለኝ ታላቄ ነው። አባታችን ከጎጃም በመምህርነት መጥቶ ቴፒ የቀረ ሰው ነበር። እሱ ሲሞት እኔ ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። ትምህርቱን ትቼ ከፈለኝ የከፈተው ሙዚቃ ቤት ገባሁ። ያን ጊዜ ሰው የወደደውን ዘፈን እየመረጠ ባዶ ካሴት ላይ ያስቀዳ ነበር። እኔ የዘፈኖቹን ስም እጽፋለሁ፤ እሱ ሄድፎን አድርጎ ይቀዳል፤ ሠርግ ሲኖርም ስፒከርና ማይክ እናከራያለን። ከማሻና ከሸኮ ድረስ «የከፈለኝ ቅጂ ይሁንልኝ» እያሉ ይመጡ ነበር። ሀብቱ ጆሮው ነበር። ካሴት ትንሽ ሲጎተት ማንም ሳያውቅ እሱ ያውቃል።

ግን የቴፒ ዝናብ አለ። ሙዚቃ ቤታችን ኮርኒስ አልነበረውም። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የክራሩ ቀጭን ክር፣ የዘፋኟ ትንፋሽ፣ ሁሉም ይዋጣል። ስለዚህ ከፈለኝ ትሬብል የሚሉትን፣ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣውን ቁልፍ ይጨምራል። ሲያባራ መመለስ ነበረበት፤ አይመልስም። ጆሮው ስለለመደው ልክ ይመስለዋል። አሮጌው አምፕሊፋየራችን ድምፁ ወፍራም ስለነበር ብዙ አልጎዳንም።

በ1993 ዓ.ም. ከነጋዴው ከሻሚል አዲስ አምፕሊፋየርና አዲስ ሄድፎን ገዛ። ጎረቤታችን ሬዲዮ ጠጋኙ ይስሐቅ መጥቶ ሞከረው፤ ሁለት ዘፈን ሳይጨርስ ከጆሮው አወረደው።

«ከፈለኝ፣ አምፕሊፋየሩ የምላጭ ስለት ነው፤ ሄድፎኑም ስለት ነው» አለ። «ስለትን ከስለት አታጋባ። አሮጌውን ሄድፎን ለአዲሱ አምፕሊፋየር ስጠው፤ አዲሱን ደግሞ ለአሮጌው። ያኔ አንዱ አንዱን ይገራዋል።»

«አሁን ደግሞ የዕቃ ሽማግሌ ሆንክ?»

«ሳቅ። እኔን ግን ጥርሴን ነው ያመመኝ።»

«ያንተ ጆሮ በሬዲዮ ፉጨት ያለቀ ነው!»

ሻሚልም ከበሩ ላይ ሆኖ «ይስሐቅ፣ ገበያዬን አትዝጋብኝ! አዲስ ዕቃ ስለሆነ ነው እንጂ ድምፁ እኮ ጥርት ያለ ነው» አለ። ሁላችንም ሳቅን።

ከፈለኝ ምክሩን ትቶ አዲሱን ሄድፎን ጠዋት ያደርገዋል፣ ሲመሽ ያወልቀዋል። ማታ ማታ ግንባሩን በእጁ ይዞ ይቀመጣል፤ ምግብም አያሰኘውም። «ጆሮዬ ውስጥ ፌንጣ ገብቶ ያፏጫል» ይለኛል። ጠዋት ደግሞ «ድምፁ ደከመ» ብሎ ትሬብሉን ከፍ ያደርጋል። የጠጅ ቤቷ ማሚት አንድ ቀን ካሴቷን ይዛ መጣች።

«አንተ፣ ጠጪዎቼን አባረርክብኝ! ዘፋኙ አፉን በከፈተ ቁጥር መርፌ ነው የሚተፋው።»

«ቴፕሽ አርጅቶ ነው፣ ማሚት።»

«እኔ እንጂ ቴፑ መች አረጀ!» ብላ ሄደች። ተመልሳ አልመጣችም። ሌሎችም ቀስ በቀስ ቀሩ።

እንግዲህ በዚያ ሠርግ ላይ የሙሽራዋ አጎት ገና «እግዚአብሔር» ብለው ሲጀምሩ ማይኩ ጮኸ። ጩኸቱ የሰው ጩኸት አይደለም፤ ብረት ብረትን ሲፍቅ ነው። ሕፃናት አለቀሱ። ሙሽራዋ ቬሏን ጆሮዋ ላይ ጠቀለለች። ሽማግሌዎቹ ሁለት እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው አጎነበሱ። ከፈለኝ ግን ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ፈገግ ብሎ ለአጎትየው «ይቀጥሉ» በሚል እጁን ዘረጋ። ይባስ ብሎ የትሬብሉን ቁልፍ ጨመረው።

ሮጬ ሄድኩ።

«ጋሼ! ቀንሰው!»

«ምኑን?»

«ጩኸቱን!»

«የምን ጩኸት?»

እየቀለደ መሰለኝ፤ ዓይኑን ሳየው ቀልድ አልነበረም። ዞሮ ሕዝቡን አየ። ያ ሁሉ ሰው ጆሮውን ይዟል። እጁን ከቁልፉ ላይ አነሣ።

«ፋንዬ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «አሁንም አለ?»

«አለ።»

ገመዱን ነቀልኩት። ጸጥ አለ። ጸጥ ማለቱን እንኳ ያወቀው ሰዎቹ እጃቸውን ሲያወርዱ አይቶ ነው።

ጅማ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሐኪሙ መርምሮ ወፍራሙን ድምፅ እንደሚሰማ፣ ቀጭኑ ግን እንደሄደና እንደማይመለስ ነገረን። ከፈለኝ «በመድኃኒትም?» አለ። ሐኪሙ ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ።

ስንመለስ ይስሐቅ አሮጌውን ሄድፎን ከአዲሱ አምፕሊፋየር ጋር አገናኘው። እኔ ሰማሁት፤ ማር ነው፣ ቀኑን ሙሉ ቢሰሙት አያደክምም። ለከፈለኝ ሰጠሁት። አዳመጠ፣ አዳመጠ።

«ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን ሰው ነው» አለ።

ከዚያ በኋላ ሄድፎኑን የማደርገው እኔ ሆንኩ። እሱ ቁልፉን ይይዛል።

«ይወጋል?»

«ትንሽ።»

«አሁንስ?»

«አሁን ደህና ነው።»

እንዲህ እየሠራን ጥቂት ወራት ቆየን። አንዳንዶቹ ደንበኞችም ተመለሱ። አንድ ጠዋት ግን ከቤት ስመጣ በሩን ከውጭ ቆልፎ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

«ምነው ጋሼ?»

«እኔ ያልሰማሁትን ‹የከፈለኝ ቅጂ› ብዬ አልሸጥም» አለ።

ለመንኩት፤ ይስሐቅም ለመነው። በሩን አልከፈተም። እኔም መለመን ደከመኝና ተውኩት፤ ሙዚቃ ቤቱ እንደተዘጋ ቀረ።

ከፈለኝ ዛሬም ቴፒ ነው፤ የሚኖረው ከእኔ ጋር ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ቡና ማጠቢያ፣ በሽቦ ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና ያገላብጣል።