ያልመለስኩት የፓንዳ ተረት

አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጀርመን አገር፣ ኒደርራድ በሚባል ሰፈር ባለ ቢሮ ተቀምጬ፣ ሌሎች የጻፉትን «ምንጩ የታለ?» እያልኩ በቀይ እስክሪብቶ የምመልስ የተከበርኩ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለች ሰው ስለ አንድ ቀርከሃ በል ድብ ልታወራ ብድግ ስትል ነውር ነው። ድቡን በዓይኔ አላየሁትም፤ አገሩንም አልረገጥኩም። ነገሩ ግን ከድቡ ይልቅ እኔን ስለሚነካ ታገሡኝ።

ልጅ ሳለሁ የምንኖረው ፕሮይንገስሃይም ነበር። እናቴ ኤርፖርት ታጸዳ ስለነበር፣ ሽፔትሺሽት፣ ማለትም የማታ ፈረቃ፣ በሚደርሳት ሳምንት እስክትመለስ ድረስ የምቆየው ከእኛ በታች ባለው ፎቅ፣ ጋሽ መኩሪያ ዘንድ ነው። ጋሽ መኩሪያ እንጅባራ ሳሉ ቀርከሃ እየሰነጠቁ ወንበርና አልጋ የሚሠሩ ባለሙያ ነበሩ፤ እዚህ ግን በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ወጥ ቤት ድንች ይልጡ ነበር። ባለቤታቸው አገር ቤት ቀርተው ወደዚህ የሚያመጣቸውን ወረቀት ይጠብቁ ነበር።

ተረት የሚጀመረው ገና ሲመሻሽ፣ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ሲያሳርፉ ነው። ተረት ያለ ጭስና ያለ ፍም አይጥምም ይባላል። እኛ ጭስ ብናስነሳ ኖሮ ጣሪያው ላይ የተለጠፈችው የጭስ ጠቋሚ ጮኻ የሕንፃውን ሰው ሁሉ ደጅ ታስወጣው ነበር። ስለዚህ መብራቱን ያጠፉና በእሷው ላይ ብልጭ የምትለውን ቀይ ነጥብ እያሳዩኝ «ፍማችን እቻት» ይሉኛል። ያኔ፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ትሞቀኝ ነበር።

አንድ ሕግ ነበራቸው። ሌላ ሰው «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ሲል ለወጉ ያህል ነው፤ እሳቸው ግን የምራቸውን ነበር። በማግሥቱ ያንኑ ተረት ከነባለቤቱ፣ ማለትም ከማን እንደሰማሁት ጭምር ተናግሬ፣ አንድ ብሮትሸን ይዤ መቅረብ አለብኝ። ዳቦዋን ለሁለት እንቆርሳታለን። ያልተመለሰ ተረት ካለ አዲስ ተረት የለም።

አራተኛ ክፍል ስገባ መምህራችን ሊጠፉ የተቃረቡ እንስሳትን አከፋፈለችን። ነብሩንና ዓሣ ነባሪውን ፈጣኖቹ ወሰዷቸውና ለኔ ፓንዳ ደረሰኝ። ሥዕሉን ለጋሽ መኩሪያ አሳየኋቸው።

«ማነው ዓይኑን እንዲህ የኳለው?»

«ድብ ነው፣ ጋሼ። ሊጠፋ ነው ይላሉ። የክፍሌ ልጆች ሰነፍ ስለሆነ ነው አሉ።»

«ምን ይበላል?»

«ቀርከሃ። ከቀርከሃ ሌላ ብዙም አይበላም።»

ከተቀመጡበት ተነሡ። «ወይ ይሄ ምስኪን! ስንፍና አይደለም ልጄ፤ የሱን ነገር እኔ አውቀዋለሁ» አሉና መብራቱን አጠፉ።

እንዲህ ነበር ተረቱ። ቀርከሃ ረጅም ዘመን ሳያብብ ይኖራል። ያበበ ቀን ግን በአንድ ተራራ ላይ ያለው ወገኑ ሁሉ አብሮ ያብባል፣ አብሮም ይሞታል። የጥንቱ ድብ ቀርከሃው ሲያብብ አይደነግጥም ነበር፤ ሌላ ዓይነት ቀርከሃ ወደበቀለበት ወደ ማዶው ተራራ ጫካ ለጫካ ይሻገራል። የልጅ ልጁም ተራው ደርሶ ሊሻገር ወረደ። ወርዶ ቢያይ ጫካው ተመንጥሮ እርሻ ሆኗል፤ ከእርሻው ወዲያ ሰፈር አለ፣ ከሰፈሩ ወዲያ መኪና መንገድ። ከመንገዱ ማዶ አንዲት እንስት ድብ ቆማለች። መኪኖቹ አልፈው እስኪያልቁ እሱ ከወዲህ፣ እሷ ከወዲያ ተቀምጠው ጠበቁ። መኪኖቹም አላለቁም።

እዚህ ላይ ጋሽ መኩሪያ ዝም አሉ። ያኔ ተረቱን የረሱት መስሎኝ «ከዚያስ?» እያልኩ እጅጌያቸውን ጎተትኩ።

«ከዚያማ ሰው መጥቶ ሰነፍ ናቸው አለ» አሉኝ።

ክፍል ፊት ቆሜ ሁሉንም ተናገርኩ። ልጆቹ መሳቁን ተዉ። መምህሯ መነጽሯን ከፍ አድርጋ «ይህንን ከየት አገኘሽው?» አለችኝ። አፌ ላይ የነበረው ስም አንድ ብቻ ነበር። ግን ክፍሉ ሁሉ ያየኛል፤ ምንጬ ደግሞ ከእኛ በታች የሚኖሩ፣ ድንች የሚልጡ ሰውዬ ናቸው።

«ከቢብሊዮቴክ» አልኩ፤ ከቤተ መጻሕፍት።

እሷም «ግሩም! እሱንም ጻፊው» አለችኝና ከፖስተሩ ግርጌ በወፍራም ቀለም ጻፍኩት።

ትምህርት ቤቱ ለወላጆች ክፍት በሆነበት ቀን እናቴ ሥራ ላይ ስለነበረች ጋሽ መኩሪያ መጡ፤ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው። ያኔ የፈረንጁን ፊደል ገና አያውቁትም ነበር። ፖስተሩን ከላይ እስከ ታች ካዩ በኋላ ጣታቸውን ግርጌው ላይ አሳረፉ።

«ይቺስ ምን ትላለች?»

«‹ከጋሽ መኩሪያ የሰማሁት› ትላለች።»

ከረባታቸውን አስተካከሉ። መምህሯን በእጅ ምልክት ለምነው፣ ያችን ቃል በጣታቸው እያሳዩ ፎቶ ተነሡ። አንዱን ከአልጋቸው በላይ ሰቀሉት፤ አንዱን ለባለቤታቸው ላኩ።

ሁለት ክረምት አለፈ። ጋሽ መኩሪያ የጀርመንኛ ኩርስ ገቡ። አንድ ምሽት ብሮትሸኔን ይዤ ስገባ መብራቱን አላጠፉም። ፎቶውን ቀና ብለው አዩና፣

«ለመሆኑ ሊያዬ፣ ያ ቢብሊዮቴክ የሚባለው ሰውዬ ደህና ነው?»

ብሮትሸኗን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«ጥሩ ተረት ያውቃል አሉ። ስታገኚው ሰላም በይልኝ።»

ዳቦዋን ቆርሰው ትልቁን ግማሽ ለኔ ሰጡኝ። ተረት ግን አልነበረም። ከዚያን ቀን ወዲያም አልነበረም። ፎቶውን አላወረዱትም፤ ምናልባት ለባለቤታቸው ምን ብለው እንደሚጽፉ ጨንቋቸው ይሆናል።

አሁን ፓንዳዎቹ ትንሽ ቀና ብለዋል ይባላል፤ የተቆራረጠውን ጫካ እንደገና በዛፍ እያገናኙ መሻገሪያ አበጁላቸው አሉ። ጋሽ መኩሪያ ቤት ኪራይ ረከስ ወደሚልበት ወደ ግሪስሃይም ከሄዱ ቆይተዋል። ለሳቸውና ለኔማ መሻገሪያው ድሮም ነበረ፤ ኤስ-ባን የሚሉት የከተማ ባቡር አለ፣ ትራም አለ፣ ወርሃዊ ቲኬትም አለኝ። ብሮትሸን ገዝቼ ጣቢያው ድረስ የሄድኩባቸው ቅዳሜዎች ነበሩ። እያንዳንዱን ባቡር አሳልፌ፣ ዳቦዋን ቆሜ በልቼ ተመልሻለሁ። በሰነፍ ድብ የሳቀ ሁሉ ይህንንም ይቁጠርልኝ።

እንግዲህ አደራችሁን፣ ይህንን ለማንም አትድገሙት። በተለይ ግሪስሃይም ላይ እንዳይሰማ። ጋሽ መኩሪያ ከሌላ አፍ ከሰሙት እኔ የምመልሰው ምን ይቀረኛል?