እንግሊዝ ለቀረ ልጅ የቆመ ድንጋይ

ከቤተ ክርስቲያኑ ተጓዦች መካከል ለሽርሽር ክራባት ያሰሩት ሽማግሌው ብቻ ነበሩ። አስተርጓሚዋ ፌበን ስማቸውን አታውቅም፤ ከሚኖሩበት የስዊድን ሰፈር፣ ከኖርስቦሪ፣ አውቶቡስ ተሳፍረው የደረሳቸውን ብርቱካን ሁሉ ለሌላ ሲያድሉ ግን አይታለች።

ስፖንጋ ከተባለው ሰፈር አጠገብ፣ ቀይ ቀለም የተቀባ ጽሑፍ ከተቀረጸበት ጥንታዊ ድንጋይ ሥር፣ ስዊድናዊቷ አስጎብኚ፣ "ከሺህ ዓመት በፊት ጎረምሶቻችን እንግሊዝ ዘምተው ንጉሡን ብር ያስገብሩት ነበር። ይህን ያቆመው እዚያ ልጁ የሞተበት አባት ነው" አለች።

ፌበን ስትተረጉም ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ። አስጎብኚዋን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ገና አሁን መስማታችን ነው፤ አትቀየሙን" አሏት።

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። አስጎብኚዋም ሲተረጎምላት እየሳቀች በቤተሰቡ ስም አመሰገነች።

"ልጄ፣ ጠይቂልኝ። ሬሳው መጥቶ ነበር?"

"አልመጣም ትላለች፣ አባባ። እዚያው እንግሊዝ ቀረ።"

"ሬሳ ሳይመጣ አቆመለት?"

"አዎ።"

የሽማግሌው ፊት በራ። "ጎሽ! እንዲህ ነው አባት!" ብለው ድንጋዩን እንደ ሰው ትከሻ መታ መታ አደረጉት። "የኔም ምጽዋ ላይ ወድቆ ቀረ። መቃብር ለሌለው ምን ይደረጋል እያልኩ ዝም ብዬ ኖርኩ።"

ወዲያው ወደ ፌበን ዞሩ። "የዚህኛው ጠራቢማ ሞቷል። በሕይወት ያለ ታውቅ እንደሆነ ጠይቂልኝ። ጽሑፉም እንደዚህ በቀይ ቀለም ይሁን በያት፤ ልጄ ቀይ ይወድ ነበር።"