ወደ ግራ የሚጠመጠመው ሐረግ

ጣልያን ጎንደርን ከያዘ በኋላ ከደጋ ወደ እኛ ቆላ የሚወርደው ሰው በዛ። ቤቱ የተቃጠለበት፣ ከብቱ የተነዳበት፣ ባሏ የተገደለባት ሁሉ ጫካውን መሸሸጊያ ብሎ ይመጣ ነበር። እኛ የምንኖረው ከመተማ የአንድ ቀን ተኩል መንገድ ርቀን፣ ወደ ትልቁ ወንዝ ወደ ጓንግ በሚገባ አንድ ትንሽ ወንዝ ዳር ነው። እናቴ ከሞተች ቆይታለች። እኔም ከባሌ ተፋትቼ ወደ አባቴ ጎጆ ከተመለስኩ ሦስት ክረምት አልፎኛል። ያኔ ሃያ ሦስት ወይም ሃያ አራት ዓመት ቢሆነኝ ነው።

አባቴ በጉልምስናቸው አዳኝ ነበሩ፤ ኋላም ወደ ሱዳን የሚሻገሩ ነጋዴዎችን መንገድ ይመሩ ነበር። ጫካውን ያወቁት ከጉሙዞች ጋር ብዙ ዓመት አብረው እያደኑ ነው። ዝምተኛ ሰው ናቸው። እኔ እሳቸውን ከኋላ እየተከተልኩ ነው ያደግሁት። ሲቆሙ እቆማለሁ፤ ጎንበስ ብለው ዱካ ሲያዩ እኔም አያለሁ። «ይህ እንዲህ ነው» ብለው አንድም ቀን ነግረውኝ አያውቁም። እኔም ጠይቄ አላውቅም። ከኋላቸው ያለው ቦታ የኔ ስለነበር እሱ ይበቃኝ ነበር።

የመጀመሪያው ክረምት ስደተኞቹን ክፉኛ ጎዳቸው። ቆላውን አያውቁትም። ጉድጓድ ውስጥ እጃቸውን ከተው እባብ ይነድፋቸዋል፤ የረጋ ውሃ ይጠጣሉ፤ ያገኙትን ፍሬ ይበላሉ። አንድ ቀን ሁለት ወንድማማቾች ያላወቁትን ሥር ቆፍረው፣ ቀቅለው በልተው ሞቱ። አባቴ ሲቀብሯቸው ውለው መጡና ዶማቸውን ከትከሻቸው ሳያወርዱ እንዲህ አሉኝ፦

«ከየጎጆው አንድ አንድ ሰው እሑድ ይምጣ ብለሽ ንገሪ። የማውቀውን አሳያቸዋለሁ።»

«ምን ብለው ያሳዩአቸዋል?» አልኩ። እውነቴን ነው፤ እሳቸው ሰው ፊት ቆመው ሲናገሩ ልገምት አልቻልኩም።

«ይህ ይበላል፣ ይህ አይበላም እላለኋ!»

እሑድ አሥራ አንድ ሰው መጣ። አባቴ ወንዙ ዳር ካለው የኩመር ዛፍ ጥላ ሥር አስቀመጧቸውና መጀመሪያ ያሉት ይህን ነበር፦ «ከእናንተ የምፈልገው ምንም የለም። ግን የተማረ ሰው ወደ መንደሩ ሄዶ ለሌሎቹ ሳያሳይ ወደ እኔ እንዳይመለስ።» ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሁለት ቀን ይሰበሰቡ ጀመር። በደረቀ ወንዝ አሸዋ ውስጥ ውሃ የት እንደሚቆፈር፣ ጅግራ ወደ ማታ የምትወርድበትን አይቶ ውሃ እንዴት እንደሚገኝ፣ አውሮፕላን ሲያንዣብብ ጭስ የማያበዛው እንጨት የትኛው እንደሆነ፣ የትኛው እባብ እንደሚሸሽና የትኛው እንደማይሸሽ አስተማሯቸው።

እኔ ትንሽ ራቅ ብዬ ማሽላ እየለቀምኩ እሰማ ነበር። አባቴ ያን ያህል ቃል እንዳላቸው አላውቅም ነበር። በእግሬና በዓይኔ የለቀምኩትን ሁሉ እሳቸው በአፋቸው ለማያውቋቸው ሰዎች ሲያድሉ ስሰማ አንድ ስሜት አደረብኝ። ያን ጊዜ ስሙን አላወቅሁትም። ቅናት ነበር።

ከመጡት መካከል አንዲት ጎጃሜ ነበረች። በዕድሜ ከኔ ብዙ አትበልጥም፤ ባሏ ሞቶባታል፤ ቤቷ ሲቃጠል የተረፈ ጠባሳ ክንዷ ላይ አለ። ይህች ሴት ጥያቄ አያልቅባትም።

«አባቴ፣ ጅግራ ለምን ጧት ጧት አትወርድም?»

«አባቴ፣ እኸ ቅጠል ከብት ካልበላው ለኛም አይሆን ማለት ነው?»

አባቴ የምትላቸው የኔን አባት ነው። ሽማግሌን እንዲያ ብሎ መጥራት የወጉ እንደሆነ አጥቼው አይደለም፤ ግን በጠራቻቸው ቁጥር የለቀምኩት ማሽላ ከእጄ ይፈስ ነበር። አንድ ቀን ደግሞ፣ «እባብ ቢያየኝና እኔ ባላየው ማናችን ነን ቀድመን የምንሮጠው?» አለቻቸው፤ አባቴ ሳቁ። ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ። እኔ እናቴ ከሞተች ወዲህ ሲስቁ አላየሁም።

ሁለተኛው ወር ላይ ጫካ ለጫካ ይዘዋቸው መዞር ጀመሩ። በመጀመሪያው ቀን ከአባቴ ኋላ ለመግባት ስጠጋ፣ «አንቺ ከኋላ ሆነሽ የሚቀር እንዳይኖር ጠብቂ» አሉኝና ጎጃሜዋን በዓይናቸው ጠሯት። እሷ ከኋላቸው ገባች። እኔ ከአሥራ አንድ ሰው ኋላ፣ አቧራ እየቃምኩ ሄድኩ። በሳምንቱ ከጠንካራ እንጨት ጠርበው፣ ጫፉን በእሳት አጠንክረው መቆፈሪያ ሠሩላት። ለኔ ሠርተውልኝ አያውቁም፤ የኔን ራሴ ነበር የሠራሁት። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ቢያስተውሉ ብዬ ነበር፤ አላስተዋሉም።

ስለ ሥሩ ያስተማሯቸው ገና ክረምቱ ሳይወጣ ነው። ሁለቱም ዛፍ ላይ የሚጠመጠሙ ሐረጎች ናቸው። ደጉ አንድ ሰፊ፣ ልብ የሚመስል ቅጠል አለው፤ ሥሩ ተቀቅሎ ይበላል። ክፉው በአንድ ዘንግ ላይ ሦስት ቅጠል አለው፤ ሥሩ ተልጦ፣ ተቆራርጦ ቀናት ሙሉ በወራጅ ውሃ ካልተዘፈዘፈ ይገድላል። ወንድማማቾቹን የገደለውም እሱ ነው። ሁሉም ቅጠሉን እየነካኩ ለዩ፤ ጎጃሜዋ ዓይኗን ጨፍና በጣቷ ብቻ ለየች።

በጋ ሲገባ ግን ቅጠሉ ይረግፋል። ደረቅ ሐረግ ብቻ ይቀራል። ያኔ የሚለየው በአጠማጠሙ ነው፦ ደጉ ወደ ቀኝ፣ ክፉው ወደ ግራ ይጠመጠማል። ይህን እኔ የማውቀው ገና የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። አባቴ በበጋ አንድ ደረቅ ሐረግ አጠገብ ቆመው ጣታቸውን አየር ላይ አዙረው ትተውት ሲያልፉ አየሁ። ቀጥሎ ሌላው ጋ ጣታቸውን በሌላ በኩል አዙረው ቆፈሩ። ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ። ስለዚህ ያ ነገር የኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ኅዳር አልፎ ቅጠሉ ሁሉ ሲረግፍ አባቴን ንዳድ ያዛቸው። ተማሪዎቹ በቀጠሯቸው መጡ። አባቴ ብርድ ልብስ ተከናንበው እየተንቀጠቀጡ ከጎጆው ደጃፍ ተቀመጡ። እኔ መቆፈሪያዬን አንሥቼ ከፊታቸው ቆምኩ፤ ምሪያቸው እንደሚሉኝ አልተጠራጠርኩም።

«አንቺ ምሪያቸው» አሉ። የሚያዩት ግን ከትከሻዬ በላይ፣ ጎጃሜዋን ነበር።

ተከትያቸው ሄድኩ። ጆሮዬ ውስጥ የንብ ቀፎ ያለ ይመስለኝ ነበር። ጥሩ አድርጋ መራቻቸው፤ ይህን መካድ አልችልም። ውሃ አገኘች፤ የዘንዶ መተኛ አሳይታ ዞር አደረገቻቸው። ከዚያ አንድ ግራር ላይ የተጠመጠመ ደረቅ ሐረግ ጋ ስትደርስ ቆመች። ወደ ላይ አየች፤ መሬቱን አየች፤ አንድም ቅጠል የለም። ሌሎቹን ትታ ወደ ኋላ፣ ወደ እኔ መጣች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፦

«እታለም፣ ቅጠሉ ረግፏል። እኸ የትኛው ነው?»

ሐረጉን አየሁት። ወደ ግራ ነበር የተጠመጠመው።

«መሪዋ አንቺ አይደለሽ?» አልኳት። «ያስተማሩሽን ጠይቂ።»

ፊቴን ትንሽ አየችኝ። «እሽ» አለችና ተመለሰች። ሥሩን ቆፈሩ። ከመሄዳቸው በፊት፣ «ይህን እኔ ሳላጣራ ማንም አፉ ላይ እንዳያደርስ!» ስትላቸው ሰማሁ። እንግዲያው አትበላውም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ግን ልቤ ያውቅ ነበር። ሰው ርቦታል፤ የማጣሪያ መንገድ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ መቅመስ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ከተማሪዎቹ አንዱ፣ አንድ ሽማግሌ ሸማኔ፣ እያለከለኩ መጡ። «ሴትዮዋ ልትሞት ነው! ቀቅላ ለብቻዋ ቀመሰችው። እኛን ከልክላናለች።»

አባቴ ንዳዱ ሳይለቃቸው ተነሡ። ትከሻዬን ተደግፈው ሄድን። እጃቸው እንደ ፍም ይፋጃል። ስንደርስ ጎጃሜዋ መሬት ላይ ናት። ምላሷ ተሳስሯል፤ እግሯ አይታዘዛትም፤ ከሞተው ባሏ ጋር ታወራለች። አባቴ ለብ ያለ የጨው ውሃ አስጠጥተው እንድታስመልስ አደረጉ፤ ጥላ ሥር አስተኙአት፤ ሁለት ሴቶች እንዲይዟት አዘዙ። ከዚያ ከምድጃው አጠገብ የወደቀውን የደረቀ ሐረግ ቁራጭ አነሡና ረዥም ጊዜ አዩት።

«የበጋውን ሳላሳያቸው ቀረሁ» አሉ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ጥፋቱ የኔ ነው።»

እኔ ጎንበስ ብዬ የጎጃሜዋን እግር በነጠላዋ አለበስኩ።

ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ ደከማቸውና አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «እኔ ነኝ የገደልኳት» እያሉ ይደጋግማሉ። እንባቸው ሲወርድ አየሁ። ከዚያ በላይ አልቻልኩም።

«ጠይቃኝ ነበር» አልኩ።

«ምን?»

«የትኛው ነው ብላ ጠይቃኝ ነበር። አውቀው ነበር። አልነገርኳትም።»

ቀና ብለው አዩኝ። «መቼ ነው አንቺ ይህን ያወቅሽው?»

«ልጅ ሳለሁ። እርስዎን ተከትዬ።»

«እኔ አላሳየሁሽም።»

«አላሳዩኝም! ለኔ ምን አሳይተውኝ ያውቃሉ? የሚያሳዩት እሷን ነው። የሚስቁት ከሷ ጋር ነው። መቆፈሪያ የሚጠርቡት ለሷ ነው።» በሕይወቴ አባቴ ላይ ድምፄን ከፍ ያደረግሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«አንቺን ማስተማር የሚያስፈልግ አልመሰለኝም» አሉ። «ዞር ባልኩ ቁጥር አለሽ። ከአንቺ ጋር ስሄድ ብቻዬን የምሄድ ያህል ይቀለኝ ነበር።»

ይህ ምስጋና ይሁን ስድብ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። ወዲያው ግን ፊታቸው ተለወጠ። «ያቺ ሴት ከሞተች የገደልሻት አንቺ ነሽ። እኔ ቤት እደርሳለሁ፤ አንቺ ተመለሺ። እስክትነሣ ከአጠገቧ እንዳትለዪ። ስትነሣም ራስሽ ንገሪያት።»

ተመለስኩ። ሁለት ቀን ሙሉ አፏን በውሃ እያራስኩ፣ ስትወራጭ እጇን እየያዝኩ ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ እንኳ ሰው ሁሉ ስለሷ ሲጨነቅ፣ ሴቶቹ ሲያለቅሱላት ሳይ፣ እኔ ብሆን ማን ያለቅስልኝ ነበር እያልኩ ነበር። አፍራለሁ፤ ግን እንዲያ ነበር ያሰብኩት። በሦስተኛው ቀን ጧት ዓይኗ ጠራ። አወቀችኝ።

«አውቄ ነው ዝም ያልኩሽ» አልኳት፤ ቃል ማሳመር አልቻልኩም።

«አውቃለሁ» አለች። ድምጿ ገና ይጎተታል። «ሐረጉን ስታዪ ፊትሽን አይቼዋለሁ። ክፉው ይሆናል ብዬ ጠርጥሬ ነበር። ትንሽ ብቻ ብቀምስ ምንም አይለኝም ብዬ ነው።»

«ለምን ደግመሽ አልጠየቅሽኝም?»

«ተከፍተሽ ነበር። አባቴንም በንዳዳቸው ላይ ላስቸግራቸው አልወደድኩም።» ውሃ ጎንጨት አለችና፣ «አሁን ልጠይቅሽ፤ በምንድን ነው የሚለየው?» አለችኝ።

ነገርኳት። ጣቴን አየር ላይ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ እያዞርኩ። ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ።

የሚቀጥለው እሑድ አባቴ ሁለት ደረቅ ሐረግ እጄ ላይ አድርገው ከሰዎቹ ፊት አቆሙኝ። ጎጃሜዋ ምርኩዝ ይዛ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። ያወቅሁትን ተናገርኩ። ሸማኔው ገና ሳልጨርስ፣ «ታዲያ ዛፉ ከወደቀና ሐረጉ ከተገለበጠ በምን እንለየዋለን?» ብለው ጠየቁኝ፤ መልሱን አላውቀውም ነበር። አባቴን አየሁ። እሳቸውም አያውቁም። ወጥተን የወደቀ ዛፍ ፈልገን አየነው፤ ሐረግ ቢገለበጥም አጠማጠሙ አይለወጥም። ይህን ያገኘነው ያን ቀን፣ ሁላችንም አንድ ላይ ሆነን ነው። ከዚያ ወዲህ አንዱን ቀን እኔ፣ አንዱን ቀን ጎጃሜዋ እናስተምር ጀመር። አባቴ የሚቀመጡት ከኩመሩ ሥር ነው፤ ስንሳሳት ብቻ ያርሙናል።

ቅናቴ አልጠፋም። እሷ ባስተማረችበት ቀን የሚመጣው ሰው ይበዛ ነበር፤ እኔ ከሩቅ ሆኜ እቆጥር ነበር። ከኔ ሰዎች አንዱ ወደ እሷ ሲሄድ ሌሊቱን አልተኛም። ግን ስትጠይቀኝ እመልስላታለሁ፤ ስጠይቃት ትመልስልኛለች። በነዚያ ዓመታት ከኛ መንደር ሥር በልቶ የሞተ ሰው የለም።

ጣልያን ከመተማ ሲወጣ ስደተኞቹ አንድ ሁለት እያሉ ወደየአገራቸው ተመለሱ። እሷም ጓዟን ጠቀለለች። አባቴ አዘኑ፤ ለብዙ ሳምንት ምግብ ላይ ሳይቀር ስለሷ ያወሩ ነበር፤ እኔም እየሰማሁ ውስጤ ይቃጠል ነበር። ያን ቀን ግራሩ ሥር የሆነውን ከአባቴ፣ ከኔና ከእሷ በቀር ማንም አላወቀም። ለተማሪዎቹ፣ «ራሴ ተሳስቼ ነው» እንዳለቻቸው ከሸማኔው የሰማሁት እሷ ከሄደች በኋላ ነው። እኔ በሷ ቦታ ብሆን እንዲያ ማለት አልችልም ነበር። በዚህም ቀናሁባት።