አሥራ አራት ፍሬ

በፊዚክስ ጎበዝ አልነበርኩም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴም የትም አላደረሰኝም። ይህን ቀድሜ የምናገረው ኋላ የምለውን ሰው እንደ ሊቅ ወሬ እንዳያዳምጠው ነው። አንድ ነገር ግን በደንብ ገብቶኝ ነበር፤ ድምፅ በአየር ውስጥ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሄድ። ጉዳቱ የመጣውም በዚያው በገባኝ ነገር ነው።

አሥራ አንደኛ ክፍል ፊዚክስ የሚያስተምረን ከኮን ከተማ የመጣ ቀጭን መምህር ነበር። አንድ ቀን የብስክሌት ጎማ መንፊያ ይዞ ገባና የመንፊያውን አፍ በጣቴ እንድደፍነው ነገረኝ። እሱ ቶሎ ቶሎ ገፋው።

«ምን ተሰማሽ?»

«አቃጠለኝ፣ ቲቸር።»

«እንኳን አቃጠለሽ። የዛሬው ትምህርት እሱ ነው።»

ድምፅ የሚሄደው አየሩን እየጨመቀና እየለቀቀ ነው አለን። ድሮ አንድ ትልቅ የፈረንጅ ሊቅ ፍጥነቱን በወረቀት ሲያሰላ በሰኮንድ ሁለት መቶ ሰማንያ ሜትር ገደማ ወጣለት፤ በሜዳ ሲለካ ግን ድምፁ ከዚያ ይፈጥናል። ሰውየው የረሳው ሙቀቱን ነው። አየር በድንገት ሲጨመቅ ይሞቃል፣ ሙቀቱን ለጎረቤቱ ለማካፈልም ጊዜ የለውም፤ ስለዚህ ከታሰበው በላይ ጠንክሮ መልሶ ይገፋል። ተዘግቶበት የሚሞቅ አየርና እንደ ልቡ እየሰፋ የሚሞቅ አየር ደግሞ አንድ ዲግሪ ለመጨመር እኩል ሙቀት አይበቃቸውም። የሚሰፋው ከተሰጠው ላይ ከፊሉን ዙሪያውን ለመግፋት ስለሚያጠፋው የበለጠ ይፈልጋል። የሁለቱ ሙቀት የመያዝ አቅም ሲካፈል ለአየር አንድ ነጥብ አራት ይመጣል። ያ ቁጥር ስኩዌር ሩቱ ውስጥ ሲገባ ወረቀቱና ሜዳው ይታረቃሉ።

እጄን አወጣሁ። «የእኛ አገር አየር ስስ ነው ይባላል። ድምፁ አይዘገይም?»

«ስስነቱን ተይው። ግፊቱም ጥግግቱም አብረው ስለሚቀንሱ ይጣፋሉ። የሚያዘገየው ብርዱ ነው። አንቺ ሦስት ሰኮንድ ለአንድ ኪሎ ሜትር ብለሽ ያዢ፣ ይበቃሻል።»

ያዝኩ።

አባቴ ቄስ ናቸው። ቤታችን ከላሊበላ ወጣ ብሎ ከአፋፍ ላይ ነው፤ ከገደሉ ማዶ መንገዱ የሚጠማዘዝበት ሸንተረር ፊት ለፊት ይታያል። ያን ሰሞን ስልኬን ይዤ አባቴ ሲጸልዩ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። በመቁጠሪያ ነው የሚጸልዩት፤ አንድ ኪርያላይሶን፣ አንድ ፍሬ በአውራ ጣት። ስለካቸው አሥራ ሁለት ፍሬ አሥራ ሁለት ሰኮንድ ሆነ። ደግሜ ለካሁ። ያው።

«እግዚአብሔርን በስልክ ልትለኪው ነው?» አሉኝ።

«እርስዎን ነው እንጂ፣ አባዬ። ሰዓት ነዎት።»

ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ክረምት ላይ መብረቅ ሲበርቅ ሁለታችን እንቆጥር ነበር። ሦስት ፍሬ አንድ ኪሎ ሜትር። እሳቸው ፍሬውን ይስባሉ፣ እኔ አካፍላለሁ፣ «ዝናቡ አምስት ኪሎ ሜትር ላይ ነው» እያልኩ እኩራራለሁ። ጎረቤት ሁሉ ይህን ያውቃል።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ።

መብራት ከጠፋ ሳምንታት ሆኖታል፤ ስልኩ የሞተ እቃ ነው። እናቴ ታናናሾቼን ይዛ ወደ ቆላ ወርዳለች። አባቴ ጉልበታቸው አይታዘዝም፣ ስለዚህ እኔ ከሳቸው ጋር ቀረሁ። ከበላያችን ያለችው ጎረቤታችን፣ ባሏ የሞተባት ሴት፣ ረፋድ ላይ ዱቄቷንና መኝታዋን አህያዋ ላይ ጭና በደጃችን ቆመች። ማዶ ሸንተረሩ ላይ የመድፍ ጥይት እየወደቀ ጭስ ብድግ ሲል ይታያል፣ ቆይቶ ድምፁ ይደርሳል።

«ልሂድ ወይስ ልቆይ?» አለችኝ።

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ እትዬ?»

«ይህን ሁሉ ዓመት ደብተር ጨርሰሽ ይሄን ካልነገርሽን ምን ልትነግሪን ነው? ቁጠሪያ።»

አባቴ መቁጠሪያቸውን አወጡ። ጭሱ ተነሣ። ኪርያላይሶን፣ ኪርያላይሶን፤ እኔም በከንፈሬ አብሬያቸው እላለሁ። ድምፁ ሲደርስ አሥራ ሁለት ፍሬ። አራት ኪሎ ሜትር አልኩ። ሌላ ጭስ ተነሣ፤ ርቀቱ በዓይን አይለይም። አሥራ አራት ፍሬ።

«እየራቀ ነው» አልኩ።

ድምፄ እንዴት ደስ እንዳለው አስታውሳለሁ። ማንም እርግጠኛ ባልሆነበት ቀን እርግጠኛ የሆንኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ጎረቤታችን ትንሽ አመነታች፣ ከዚያ አህያዋን ይዛ ተመለሰች። ጭነቱን ስታራግፍ ከታች ሆኜ አያታለሁ።

ለሦስተኛው የሚቆጠር ነገር አልነበረም። የግቢዋ የድንጋይ ካብ ላይ ወደቀ። አህያዋ እዚያው ሞተች። እሷን አቧራ ለብሳ፣ ከቀኝ ጆሮዋ ደም እየወረደ አገኘኋት። የምጠራትን አትሰማም፤ አፌን ታያለች። ሌላ አልወደቀም። እኔና አንድ የሠፈር ሰው ደግፈን ገደሉ ውስጥ ወዳለው ዋሻ አወረድናት፤ አባቴ በዱላ እየተደገፉ ተከተሉን።

የግራ ጆሮዋ ቀስ በቀስ ተመለሰ። የቀኙ ቀረ።

ለወራት ያሰብኩት ቀመሩን ነው። ብርዱን አሳስቼ ይሆን? አንድ ነጥብ አራቱ ይሆን? ምንም ቢሆን ያን ያህል አያሳስትም። መብራት ሲመለስ ስልኬን ሞላሁና መምህሩን ፈልጌ ሄድኩ፤ ሁሉንም ነገርኩት። ሰምቶኝ ሲጨርስ፣ «በምን ነበር የምትቆጥሪው?» አለኝ።

«በኪርያላይሶን።»

«ፈርታችሁ ነበር?»

«ታዲያስ፣ ቲቸር።»

ሌላ አልጠየቀኝም። ካስተያየቱ የጠረጠረው ገባኝ፣ ግን አላመንኩም። በማግስቱ ከምንጩ እስከ ቤታችን ዳገቱን በሩጫ ወጣሁ፤ ትንፋሼ ሳይመለስ፣ ያን ቀን በዓይኔ እያመጣሁ፣ ስልኩን ከፍቼ አሥራ አራት ጊዜ ኪርያላይሶን አልኩ። ሰባት ሰኮንድ። ግማሹ።

ፈርቶ የሚጸልይ ሰው ይፈጥናል። ፍሬው የበዛው ጭሱ ስለራቀ አልነበረም። እየቀረበ ሲመጣ እኛ ፈራን፣ ፍርሃታችን በባሰ ቁጥርም ፍሬው በዛ። ድምፁ እንደ ሕጉ መጥቷል። ያ ሊቅ ሙቀቱን ረሳ፣ እኔ ፍርሃታችንን ረሳሁ፤ ልዩነቱ እሱ ሲሳሳት የማንም ጆሮ አለመጥፋቱ ነው።

ለጎረቤታችን ሳልነግራት ሁለት ሳምንት አለፈ። እሷ ባገኘችኝ ቁጥር ያው ናት፤ «ባል አላገኘሽም እንዴ?» ትለኛለች፣ «ከእንጨትሽ አካፍይኝ» ትለኛለች። ይህ ባሰብኝ። አንድ ቀን ከሰዓት ደጃፏ ላይ ምስር ስትለቅም ሄጄ በቀኟ ተቀመጥኩ።

«እትዬ፣ ያን ቀን ያሳሳትኩዎት እኔ ነኝ» አልኩ። «ቀርቦ ነበር። እየራቀ ነው ያልኩት ውሸት ነው።»

ምስሯን መልቀሟን ቀጠለች። ያኔ ነው በየትኛው ጆሮዋ በኩል እንደተቀመጥኩ ለራሴ የተናዘዝኩት። ተነሥቼ በግራዋ ዞርኩ። ደገምኩት። ፍሬውን፣ ሩጫውን፣ ሰባቷን ሰኮንድ፣ ሁሉንም።

እጇ ቆመ።

«አባትሽ ያውቃሉ?»

«አልነገርኳቸውም።»

«እንዳትነግሪያቸው። ቄስ ፈርተው ጸሎት አጣደፉ ሊባሉ ነው? አንቺ ተሳሳትኩ በይ፣ እሱ ይበቃል።»

«ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ።»

ይቅር አላለችኝም። ሰፌዱን ጭኔ ላይ አስቀመጠችና ጠጠር ያለበትን በጣቷ አሳየችኝ።

«ጦርነቱ ዳግመኛ ከመጣ አትቁጠሪልኝ» አለች። «መጥተሽ ጭነቱን አግዢኝ። አሁን ምስሩን ልቀሚ።»

አህያ እንደሌላት ሁለታችንም እናውቃለን። ለቀምኩ።