የቅዳሜ ምድጃ

የሥራ ሸሚዜን ከገመድ ላይ ሳወርድ የግራ ጫፉ በመቀስ ተቆርጧል። ሁለት ጣት ብታህል ነው። አይጥ በልታው ቢሆን ክሩ ይንጨባረር ነበር፤ ይሄኛው ግን ልብስ ሰፊ የቆረጠው ይመስል ቀጥ ያለ ነው። ባለቤቴ ከእጄ ተቀብላ አየችውና መለሰችልኝ። ለእሷም ለእኔም ገብቶናል። እንዲህ በስርቆት የሚቆረጠው የቡዳ ልብስ ነው። ዓይኑ ሰው ይበላል የተባለ ሰው ልብሱ ይቆረጥና ፍም ላይ ይደረጋል፣ በሽተኛው ይታጠንበታል፣ ያን ጊዜ ይለቀዋል ይባላል።

ቡዳው እንግዲህ እኔ ነኝ።

ማን እንደቆረጠው ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም። አቃቂ በሰቃ ያለው ግቢያችን ውስጥ የምንኖረው ሁለት ቤተሰብ ነን፤ እኔና ባለቤቴ፣ እንዲሁም ቤቷ ከቤታችን አጠገብ የሆነ ጎረቤታችን። ባሏ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ስለሆነ በወር ሁለት ጊዜ ካየነው ብዙ ነው። ሁለት ዓመት ያልሞላት ሴት ልጅ አለቻቸው። ልጅቷ ሰሞኑን እየታመመች እንደነበር አውቃለሁ። እናቷ ያሳመማት የእኔ ዓይን ነው ማለቷን ግን ሰፈሩ ሁሉ ሲሰማ እኔ አልሰማሁም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

ነገሩ የመጣው ከምድጃዬ ነው። እኔ ብረት ሠሪ አይደለሁም። ቃሊቲ አንድ መጋዘን ውስጥ ወረቀት ሳገላብጥ ሃያ ዓመት ያለፈኝ ሰው ነኝ። በሃያ ዓመት ውስጥ በእጄ የሠራሁት ነገር ቢኖር ፊርማ ነው። አንድ ቀን በስልኬ አንድ ፈረንጅ ጓሮው ውስጥ ብረት አግሎ ሲቀጠቅጥ አየሁና ቀናሁ። እውነቴን ነው፣ በሰው ቀንቼ አላውቅም፣ በዚያ ሰውዬ ግን ቀናሁ።

የጭነት መኪና አሮጌ ቸርኬ ፈልጌ አገኘሁ። ውስጡን በአፈር፣ በአመድና በጭድ ባቦካሁት ጭቃ ለሰንኩት። ጭቃው ሳይደርቅ እሳት ባነድበት እየፈነዳ ፊቴን ለበለበኝ፤ እንደገና ለስኜ ሁለት ሳምንት አሰጣሁት። ከሥሩ የቧንቧ ቁራጭ አስገባሁ። በወናፍ ፋንታ የባለቤቴን የፀጉር ማድረቂያ ገጠምኩለት። ብረቱን የምቀጠቅጠው ከቁራሌው ባገኘሁት የሐዲድ ቁራጭ ላይ ነው።

"በአርባ አምስት ዓመትህ ቀጥቃጭ ሆነህ ልታሰድበኝ ነው?" አለች ባለቤቴ።

ሳቅሁባት። ማረሻውንና ቢላውን ከእጁ እየተቀበልን፣ ዞር ሲል ቡዳ የምንለው ሰው መሆን ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም ነበር። እኔን የሚያስጨንቀኝ ብረቱ ነው። የመጀመሪያው ሥራዬ የልብስ መስቀያ ሜንጦ ነበር፤ ጠማማ፣ ግን የእኔ። እሁድ ባለቤቴ በሰንበት መዶሻ አይነሳም ስላለችኝ ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ ነበር የምሠራው።

በጋውን ምድጃው ግቢው መሀል ነበር። ልጅቷ ከደጃፏ ቆማ ብልጭታው ሲረጭ እጇን ታጨበጭብ ነበር። አንድ ቀን እናቷን "እንዴት ፋፍታለች ልጅሽ!" አልኳት። እግዜር ያሳድጋት አላልኩም፣ ትፍ ትፍ አላልኩም። ረሳሁት እንጂ ክፋት አልነበረበትም። እናትየው ግን ልጇን ወዲያው አቅፋ ገባች።

ክረምቱ ሲገባ ምድጃውን ከዝናብ ለማሸሽ በሁለታችን ቤት መሀል ወዳለችው ጥግ ወሰድኩት። ከእኛ ግድግዳ እስከ ጎረቤቴ ጣሪያ ሥር ድረስ ቆርቆሮ ዘረጋሁ፣ ክፍት በነበረው ጎን የመኪና ሸራ ጋረድኩ። ደረቅ፣ ሞቃት፣ የራሴ የሆነ ቦታ አገኘሁ። አንዴ ፍም ከሆነ በኋላ ጭስ የሚባል አይታይበትም፤ በዚያም እኩራራ ነበር። ቅዳሜ ማታ ራሴን ይፈልጠኛል፣ የመዶሻው ድምፅ ነው እላለሁ።

ሸሚዙን ይዤ በሯን አንኳኳሁ። ገርበብ አድርጋ በክፍተቱ ቆመች። ልጅቷን አዝላ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋባታለች።

"ይሄን የቆረጥሽው አንቺ ነሽ?"

አልካደችም። የነጠላዋ ጫፍ ላይ የተቋጠረች ትንሽ ነገር አየሁ፤ የሸሚዜ ቁራጭ ናት። ሁልጊዜ "ጋሼ" የምትለኝ ጎረቤቴ ያን ቀን "ጋሼ" አላለችኝም።

"ሦስት ሳምንት ሆነ" አለች። "ቅዳሜ ቅዳሜ ነው የሚያማት። አንተ እሳትህን ስታነድ ትዝለፈለፋለች፣ ያስመልሳታል። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ይዣት ስውል ደህና ናት። ሰኞ ደህና ናት። ቅዳሜ ሲመጣ እንደገና።"

"እና እኔ በላኋት?"

"እንዴት ፋፋች ያልከው ማን ነው? ምርቃት ጨመርክበት?"

"ሐኪም ጋ ውሰጂያታ!"

"ወስጃታለሁ። ሰኞ ወሰድኳት፣ ምንም የለባትም አሉኝ።"

ደሜ ፈላ። ቁጡ መሆኔን አልክድም። ሃያ ዓመት ጎረቤት ስሆን ከማንም ጋር ተካስሼ የማላውቅ ሰው በገዛ ግቢዬ ሰው በላ ተባልኩ።

"ዛሬ ቅዳሜ ነው አይደል?" አልኳት። "ይኸው ዛሬም አነዳለሁ። ልጅሽ ምንም ሳትሆን ስትቀር አንቺው በአፍሽ ለሰፈሩ ትናገሪያለሽ።"

በሩን ፊቴ ላይ ዘጋችው። ወዲያው መስኮቷን በብርድ ልብስ ስትወትፍ ሰማሁ። ዓይኔ እንዳይገባባት መሆኑ ነው።

"ተው አንተ ሰውዬ" አለች ባለቤቴ። "ዛሬን ብትተወው ምን ይቀርብሃል?"

"ዛሬ ከተውኩ ቡዳ ነኝ ብዬ ፈረምኩ ማለት ነው።"

"ጠብ ያለሽ በዳቦ" አለችና ገባች።

ምድጃውን እስከ አፍ ገደፉ ከሰል ሞላሁት። በሌላ ቀን ግማሹ ይበቃኝ ነበር። የፀጉር ማድረቂያውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ዝናቡ ስለበረታ ሸራውን ወደ ታች ስቤ ጫፉ ላይ ድንጋይ ጫንኩበት። አንድ የመኪና ባሌስትራ ቁራጭ ነበረኝ፤ የዚያን ቀን ቢላ ላደርገው ነበር ያቀድኩት። ፍሙ ውስጥ ወተፍኩትና ቀይ እስኪሆን ጠበቅኩ። ከግድግዳው ማዶ ልጅቷ ታለቅሳለች። ሆን ብዬ ነው መዶሻዬን ጠንክሬ የማወርደው፤ እናትየው እንድትሰማ።

ትንሽ ቆይቶ የግቢው በር ሲከፈት ሰማሁ። በሸራው ቀዳዳ አየሁ፤ ጎረቤቴ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዛ ወጣች። ጠበል ልታመጣ ነው። ልጅቷ አብራት የለችም። እንደ ድሮው ቢሆን እንዲህ ያለ ጊዜ ልጇን ለባለቤቴ ሰጥታ ነበር የምትሄደው። አሁን ግን ቤቱን ከውጭ ቆልፋባት ሄደች።

ልቤን ትንሽ ከበደኝ፣ እጄ ግን አላቆመም። መታሁ፣ አጋልኩ፣ መታሁ። ባሌስትራው መልክ እየያዘ መጣ፤ አንድ ጎኑ ሳሳ፣ ጫፉ ሾለ። ደስታና ንዴት አንድ ላይ ሲሆኑ ሰው ስለ ሰዓት አያስብም። ከማዶ ይሰማ የነበረው ለቅሶ ጸጥ ያለው መቼ እንደሆነ አላውቅም። ጸጥታውን ሳስተውል የመጣልኝ ሐሳብ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። "ይኸው" አልኩ ለራሴ፣ "ተኛች። ምንም አልሆነችም።"

ጭንቅላቴ ይፈነዳ ጀመር፣ ዓይኔም ብዥ አለብኝ። የመጨረሻው ሥራ ብረቱን ዘይት ውስጥ መንከር ነው፤ ስለቱ እንዲጠነክር። ያገለገለ የሞተር ዘይት በጣሳ አዘጋጅቼ ነበር። የጋለውን ቢላ በጉጠት ይዤ ከተትኩት። ጥቁር ጭስ ቡፍ ብሎ ወጣ።

ያን ጭስ በዓይኔ ተከተልኩት። በሸራው በኩል ይወጣል ብዬ ነበር። ወደ ሸራው አልሄደም። ቀስ ብሎ በቆርቆሮው ሥር ተንሸራተተና ጎረቤቴ ግድግዳ አናት ላይ፣ በግድግዳውና በጣሪያው መሀል ባለው ክፍተት ገባ። ሁሉም ገባ። እኔ ጋ የቀረ አልነበረም። በዚያ ክፍተት ስር ደግሞ የማዳበሪያ ኮርኒስ እንጂ ሌላ የሚያግደው ነገር እንደሌለ አውቃለሁ፤ የእኛም ቤት እንደዚያው ነው።

ጥቁሩ ዛሬ ስለታየኝ ነው እንጂ፣ ያ የማይታየው የፍም መርዝ ሦስት ቅዳሜ ሙሉ በዚያው መንገድ ሲገባ ከርሟል። ዛሬ ደግሞ በሩ ተቆልፏል፣ መስኮቱ ተወትፏል። ከእኔ ዓይን ለመከላከል።

ቢላውን ጥዬ መዶሻዬን አንስቼ ሮጥኩ። ቁልፉ ላይ አንድ ጊዜ ሰነዘርኩ፣ ሳትኩት፤ መዶሻው በሩ ላይ አረፈ። ሁለተኛው መሀሉን አገኘው። ቤቱ ውስጥ ምንም አይሸትም፤ ይሞቃል ብቻ። ልጅቷ አልጋው ላይ ብርድ ልብስ ተደራርቦባት ተኝታለች። ፊቷ ቀላ ብሏል፣ ሲያዩዋት ደህና ልጅ ትመስላለች። ሳነሳት አንገቷ ክንዴ ላይ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠለጠለ። ዝናቡ ውስጥ ይዣት ወጣሁ፣ ስሟን እየጠራሁ ጀርባዋን መታ መታ አደረግኩ። ትተነፍሳለች። ትንሽ ነው፣ ግን ትተነፍሳለች።

"ባጃጅ!" ብዬ ጮህኩ። ባለቤቴ በባዶ እግሯ ወደ አስፋልቱ ሮጠች።

እናትየው የገባችው በዚያ ሰዓት ነው። ጠርሙሱ ጠበል ተሞልቷል። በሯ ተሰብሯል፣ መዶሻው ደጃፏ ላይ ወድቋል፣ ልጇ በእኔ እጅ ላይ ተዘርራለች። ያን ጊዜ ያወጣችውን ድምፅ መግለጽ አልችልም። ልጇን ነጥቃ ወሰደችብኝ፣ እኔም አልታገልኳትም።

"ንፋስ ነው የሚያስፈልጋት፣ ፊቷን አትሸፍኚያት!" አልኳት። ሸፈነቻት።

ባጃጁ ውስጥ እሷና ልጇ ከኋላ ነበሩ፤ እኔ ከሹፌሩ ጎን ተጣብቄ ሸራውን ከፍቼ ያዝኩ፣ ንፋስ እንዲገባ። ወደ ኋላ ዞሬ ለማየት አልደፈርኩም። እግዜር ሆይ፣ ይህችን ልጅ ተውልኝ፣ ብረት በእጄ አልነካም እያልኩ ሄድኩ።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ተረኛዋ ነርስ ወጣት ሴት ናት። የልጅቷን ዓይን ገልጣ አየችና "እናት፣ ቤት ውስጥ ከሰል ነበረ?" ብላ ጠየቀች።

"የለም። እሷን ከወለድኩ ወዲህ ከሰል ቤቴ አስገብቼ አላውቅም።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"በልጄ እምላለሁ።"

ተረኛዋ ስለ ትኩሳት፣ ስለ ምግብ ወደ መጠየቁ ሄደች። እናትየው እውነቷን ነው የማለችው። ሌላውን የሚያውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ዝም ብል ልጅቷ የሌላ በሽታ መድኃኒት ይሰጣታል፤ ብናገር ደግሞ ሰፈሩ ያለው ሁሉ እውነት ሊሆን ነው። ያን ያህል ጊዜ ማመንታት አልነበረብኝም። ግን አመነታሁ፣ ልዋሽ አልፈልግም።

"የእኔ ከሰል ነው" አልኩ። "ከግድግዳው ማዶ። ከሰዓት ጀምሮ እሳት ሳነድ ነበር፣ ጭሱ በጣሪያው ሥር እሷ ቤት ይገባል። እሷ አታውቅም። ሦስት ሳምንት ሆኖታል።"

ተረኛዋ ወዲያው ኦክስጅኑን ጎትታ አመጣች።

አግዳሚው ወንበር ላይ በሁለት ጫፍ ተቀመጥን። ጠርሙሱ በመሀላችን ቆሟል። ልጅቷ ጭንብሉን ለመንቀል እጇን ስታነሳ፣ ከዚያም እየተቆጣች ስታለቅስ፣ ያ ለቅሶ ሰምቼው ከማውቀው ድምፅ ሁሉ ጣፋጭ ሆነብኝ። እኔም አለቀስኩ፣ አልደበቅሁም።

"ዓይን አይደለም" አልኳት። "ጭስ ነው።"

እናትየው ዞራ አየችኝ። "ዓይንም በለው ጭስ በለው፣ ከአንተ ቤት ነው የመጣው። ቅዳሜ ቅዳሜ ነው አላልኩህም?"

ብላኛለች። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ እሳቱን ቆጥራ አንድ በአንድ ነግራኛለች። እኔ ቡዳ የምትለዋን ነገር ከሰማሁ በኋላ ሌላውን መስማት ትቼ ነበር።

በማግስቱ ምድጃውን አፈረስኩት። ባለቤቴ ሰንበት ነው ብላ አልከለከለችኝም። ቆርቆሮውን አነሳሁ፣ በግድግዳው አናት ያለውን ክፍተት በጭቃ ደፈንኩ፣ የጎረቤቴን በር አዲስ ቁልፍ ገጠምኩለት። የሸሚዜን ቁራጭ አልመለሰችልኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም።

ከጥቂት ቀን በኋላ ከሥራ ስመለስ ግቢው በር ላይ ተገናኘን። ልጅቷን አዝላለች፤ ልጅቷ እኔን ስታይ እጇን ማጨብጨብ ጀመረች፣ ብልጭታው ትዝ ብሏት ይሆናል። እናትየው ነጠላዋን ስባ ፊቷን ሸፈነቻት። በፊት ቢሆን ደሜ ይፈላ ነበር። ያን ቀን ግን ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩና በሯን ከፍታ እስክትገባ ድረስ እንደዚያው ቆሜ ጠበቅኳት።