ክሎሪን ያልሁበት ቀን

የያዙኝ ከጎንደር ወደ ማክሰኝት በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ኬላው ጋ ነው። ያኔ በሳምንቱ መካከል ማክሰኝት አስተምራለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ ጎንደር ሁለተኛ ዲግሪዬን እማራለሁ። ከሚኒባሱ አውርደው ሲፈትሹን ከቦርሳዬ የኢንኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ደብተሬንና ሰማያዊ ክሪስታል ያለበት ትንሽ ጠርሙስ አወጡ። ጠርሙሱን የያዝሁት ለተማሪዎቼ ላሳይ ነበር። ወታደሩ ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጎ አየው። ያምራል፤ እሱም እንደወደደው ፊቱ ላይ አየሁ። ከዚያ "አንቺ ቅሪ" አለኝና ሚኒባሱ ሄደ።

ከኬላው ወደ ካምፓቸው ወሰዱኝ። መርማሪው እኩያዬ የሚሆን ወጣት ነበር።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"የመዳብ ሰልፌት።"

"ይፈነዳል?"

"አይፈነዳም። ድንች በሽታ እንዳይመታው ገበሬ ይረጨዋል።"

ደብተሩን ገልጦ ጣቱን አንድ መስመር ላይ አሳረፈ። "ናይትሬት የሚለውስ?"

"ማዳበሪያ ውስጥ አለ። አፈር ውስጥም አለ።"

"የሚፈነዳ አለው?"

መዋሸት አልፈለግሁም። "እንዳያያዙ ነው" አልሁት። ከተናገርሁት ሁሉ ይህቺን ብቻ ጻፋት።

ያስገቡኝ ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ ክፍል ነው። ግድግዳውም ጣራውም ቆርቆሮ ነው። ከወለሉ ስንጥቅ የነቀዘ ማሽላ ሽታ ይወጣል። ውስጥ ሁለት ሴቶች አገኘሁ። አንዷ ፒያሳ አጠገብ ጨርቅ የምትሸጥ ሙስሊም ነጋዴ ናት፤ ከተማው ሥራ ባቆመበት የአድማ ቀን ሱቅሽን ዘግተሻል ተብላ ነው የታሰረችው። ሌላዋ ከትክል ድንጋይ የመጡ እናት ናቸው። ልጃቸው ጫካ ገባ ተብሎ፣ እሱ እስኪገኝ በሱ ፋንታ ተያዙ።

ነጋዴዋ ምን ተጠይቄ ምን እንደመለስሁ አንድ በአንድ አስነገረችኝ። ስጨርስ ራሷን ያዘች።

"እንዳያያዙ ነው አልሽው? ወይ እህቴን! ከእንግዲህ ኬሚስትሪ የሚባል ቃል ከአፍሽ እንዳይወጣ። አስተማሪ ነኝ በይ፣ በቃ። የምን ቢሉሽ የአማርኛ በይ።"

"ምነው፣ መማር ወንጀል ሆነ?" አሉ እናትየዋ።

ምክሩን ተቀበልሁ። ከአፌ አላወጣሁትም፤ ከራሴ ግን እንዲወጣ አልፈቀድሁለትም። ጠዋት ጠዋት ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ንጥረ ነገሮቹን በየምድባቸው እደግማቸዋለሁ። ሊቲየም በቀይ ነበልባል ይነዳል፣ ሶዲየም በቢጫ፣ ፖታሲየም በሐምራዊ። የትኛው ከውሃ ጋር ይጣላል፣ የትኛው አየር ላይ ይዝጋል፣ የትኛው ከምን ጋር ምን ይሆናል። ደብተሩን ወስደውታል፤ ትምህርቱን ግን አልሰጣቸውም ብዬ ቆርጬ ነበር። እናትየዋ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አይተው አንድ ቀን "የማንን መልክ ነው የምትደግሚ?" አሉኝ። ጸሎት መስሏቸው ነው። ነጋዴዋ ሳቀች፤ እኔም ከታሰርሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ።

አንድ ጠዋት ከበላይ ጎብኚዎች ይመጣሉ ተባለ። ግቢው ተጠረገ። እኛ ፀሐይ እንድንሞቅ ወጥተን ውሃ ሮቶው ሥር ተቀምጠን ነበር። አንድ ሽማግሌ ጠባቂ በአንድ እጃቸው የበረኪና ጀሪካን፣ በሌላው ምልክት የሌለው ጥቁር ጠርሙስ ይዘው መጡና እናትየዋን ሽንት ቤቱን እንዲያጥቡ ጠሯቸው። ጠርሙሱ ውስጥ አሲድ እንደነበረ ያወቅሁት በኋላ ነው። ሽማግሌው በአንድ ባልዲ ከቀላቀልናቸው ይበልጥ ያጸዳሉ ብለው አሰቡ መሰለኝ፤ ክፉ ሰው አልነበሩም።

መጀመሪያ ሳል ሰማሁ። ቀጥሎ ሽታው መጣ፤ አፍንጫ የሚሰነጥቅ፣ ዓይን የሚቆጠቁጥ። ያን ሽታ አውቀዋለሁ። ላቦራቶሪ ውስጥ አየር በሚመጥ ቁም ሳጥን ውስጥ ብቻ፣ በጥቂቱ ነው የምንሠራው። ጠባቂው እየሳሉ ከሽንት ቤቱ ወደ ኋላ ወጡ፤ ሽታው ግቢውን እንዳይሞላው ብለው ነው መሰል የብረቱን በር ገፍተው ዘጉት። እናትየዋ አልወጡም ነበር።

ልነሳ ስል ነጋዴዋ ክንዴን ጨመደደችው። "ዝም በይ። ያውልሽ፣ እያየሽ ነው።" መርማሪው በረንዳው ላይ ሻይ ይዞ ቆሟል። አየሁት፤ አየኝ። ምን ሊጽፍ እንደሚችል አውቄዋለሁ።

"ክሎሪን ነው!" ብዬ ጮህሁ። "አይዝጉት! በሩን ይክፈቱት!"

ነጠላዬን በሮቶው ውሃ ነክሬ አፍና አፍንጫዬን ሸፈንሁና ገባሁ። ወለሉ ላይ ወደ አረንጓዴ የሚወስደው ቢጫ ጭስ ተኝቷል። ክሎሪን ከአየር ይከብዳል፤ ዝቅ ያለ ቦታ ይወዳል። እናትየዋ ደግሞ አዙሯቸው ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ ብለዋል። በብብታቸው ይዤ ላነሳቸው ስሞክር አቃተኝ። ያኔ እግራቸውን ሌላ ሰው አነሳው። ቀና ስል ነጋዴዋ ናት፤ ሻሿን አፏ ላይ ጠምጥማለች።

ከሮቶው በላይ ወዳለው ጉብታ አወጣናቸው። ዓይናቸውን በውሃ አጠብሁ፤ እንዳይተኙ ደግፌ አስቀመጥኋቸው። ጠባቂው በሩ ሥር ቁጢጥ ብለው ይስላሉ። "አያ፣ ዝቅ አይበሉ! ይነሱና ወደዚህ ይውጡ!" አልኋቸው። እንደታዘዘ ወታደር ተነስተው መጡ።

ጎብኚዎቹ ሳይመጡ ቀሩ። እናትየዋን ጤና ጣቢያ ወሰዷቸውና በማግስቱ መለሷቸው። ድምፃቸው ግን አብሯቸው አልተመለሰም፤ በሹክሹክታ ነበር የሚያወሩት።

እኔን መርማሪው አስጠራኝ። ቃሌን ጽፎ ጨርሶ ነው የጠበቀኝ። ተጠርጣሪዋ ክሎሪን የተባለውን መርዛማ ጋዝ ባህርይ ጠንቅቃ እንደምታውቅ በራሷ አንደበት አረጋግጣለች ይላል።

"ፈርሚ።"

"አልፈርምም።"

"ውሸት አለበት?"

"የለበትም። ጎደሎ ነው።"

"ምኑ ጎደለ?"

"ይኸው ክሎሪን በልኩ ሲጨመር የከተማው ሰው የሚጠጣውን ውሃ ያጸዳል። እርስዎም ዛሬ ጠጥተውታል። ከሶዲየም ጋር ሲዋሐድ ደግሞ የወጥ ጨው ነው። ይኼን ይጨምሩበትና እፈርማለሁ።"

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። "እንግዲያው ቁሚ" አለኝ። ቆምሁ። ሌላ ሥራውን ሠራ፣ ስልክ አወራ፣ ምሳውን በልቶ ተመለሰ። እግሬ አበጠ፤ ጫማዬ ጠበበኝ። ግድግዳውን እንድደገፍ አልተፈቀደልኝም፤ እኔም አልለመንሁም። ፀሐይዋ በመስኮቱ በኩል ወደ ምዕራብ ካዘነበለች በኋላ እስክሪብቶውን አነሳና ሳያየኝ ጠየቀኝ።

"ሶዲየም በየትኛው ሰ ነው? በእሳቱ ነው በንጉሡ?"

"በእሳቱ።"

ጻፈው። አነበብሁት። ፈረምሁ።

ፊርማው ይጥቀመኝ ይጉዳኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ክረምቱ ሲወጣ ክስ ሳይመሠርቱ ለቀቁኝ። ደብተሩ አልተመለሰም። ቤቴ እንደገባሁ አዲስ ገዝቼ ከራሴ ገለበጥሁት፤ በቀጣዩ ዓመት ተመረቅሁ።

በቅርቡ ለፈተና ሥራ ትክል ድንጋይ ተልኬ እናትየዋን ገበያ ውስጥ አገኘኋቸው። ነጭ ሽንኩርት ዘርግተው ተቀምጠዋል። ድምፃቸው አሁንም የተሰበረ ነው።

"ትምህርቱን ጨረስሽ?"

"ጨረስሁ፣ እናቴ።"

"ሸጋ።"

ልጃቸውን ጠየቅኋቸው። እኛ ታስረን ሳለ ተይዟል፤ ከዚያ ወዲህ የት እንዳደረሱት የሚነግራቸው አላገኙም። ሰኞ ሰኞ ጎንደር እየወጡ በየቢሮው ይጠይቃሉ።

"አይደክምዎትም?"

"ይደክመኛል። ዝም ብል ግን ረስታዋለች ይላሉ። ችግሩ ድምፄ ነው፤ ከመስኮቱ ወዲያ ያለው ሰው አይሰማኝም። ቀጣዩን ይጠራል።"

ባለፈው ሰኞ ፈቃድ ወስጄ አብሬያቸው ሄድሁ። ሰልፉ ረጅም ነበር። ተራችን ሲደርስ እሳቸው ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው የልጃቸውን ስም በሹክሹክታ አሉ። ሰውየው ቀና አላለም።

እኔ ደገምሁት፤ ጮክ ብዬ፣ ከነአባቱና ከነአያቱ።